ሳትሽከረከር የመጣችው ኳስ

ለእህቴ ለኤርሲሊያ፣ ሳን ሁዋን

እንደምን ከረምሽ? ወገብሽስ? ደረጃ መውጣት አሁንም ያሰቃይሻል? ባልሽ ኦቪድዮ ሥራ ቀናው? ልጆቹስ? እኛ ደህና ነን። እማማም ደህና ናት፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል ጉልበቷ ቀድሞ ይነግራታል እንጂ። ሸንኮራው እየተቆረጠ ነው። የፋብሪካው ጥላሸት የተሰጣ ልብስ ላይ ይወርዳል፣ እማማም ትራገማለች። እንደምታውቂው ነው።

ስለ ወንድማችን ስለ ኔልፊ ክንድ እስካሁን ያልጻፍኩልሽ እንዳትጨነቂ ብሎ ስለከለከለኝ ነው። ክርኑ ላይ የሆነ ነገር ተበጠሰ። ቤዝቦል ላይ የሚታወቅባት ፈጣኗ ኳስ ከእጁ ጠፋች፤ ያቺ ጓንቴ ውስጥ ስትገባ ሰፈሩ ሁሉ የሚሰማት። ጠማማዋን ሲወረውር ያመዋል። ዝግ ብላ የምትመጣው አዘናጊዋም ብትሆን፣ ፈጣኗ ከሌለች ማንን ታዘናጋለች? አሠልጣኛችን ዶን ፕሊንዮ ባለፈው ሳምንት፣ "ልጄ፣ እሁድ የምትወረውረው ከሌለህ ለሌላ ሰው ቦታ ልቀቅ" አለው። ኔልፊ ከመወርወር ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም። እኔስ የእሱን ኳስ ከመቀበል ሌላ ምን አውቃለሁ?

ከዚያ ወዲያ ጓሮ ገብቶ ብቻውን ከግድግዳ ጋር ይወረውር ጀመር። ኳሷን በጥፍሮቹ ጫፍ ቆንጥጦ ይይዛታል። እንዲህ ስትያዝ ከእጅ ወጥታ አትሽከረከርም። ጉዱ እሱ ነው። ጠማማዋ ወዴት እንደምትጠመም፣ ሰማጯም የት እንደምትሰምጥ አውቃለሁ፤ በጣቶቼ ምልክት የማዛት እኔ ነኛ። ለዚህችኛዋ ምን ምልክት ልስጥ? ብጠይቀው፣ "ምን ያደርግልሃል? እኔም አላውቃትም" አለኝ። "ብቻ ሄደህ እንዳትቀበላት። እስክትመጣ ጠብቃት።"

ትናንት፣ የመጨረሻው ዙር። በአንድ ነጥብ እንበልጣለን፤ አንድ ሰው ብቻ ማስወጣት ይቀረናል። የተጋጣሚዎቻችን ሯጭ ግን ሦስተኛው መቆሚያ ላይ ነው፤ እኔ ያለሁበት የመጨረሻው መቆሚያ፣ ቤት፣ ከገባ እኩል ሆንን። መቺው ቶሪብዮ ነው፣ ያ አፈኛው። ሁለቴ ስቷል፤ ሦስተኛ ከሳተ አበቃለት። ዱላውን እያወዛወዘ፣ "ኔልፊ፣ ክንድህን የት ጣልካት? ላፈላልግልህ እንዴ?" ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ። ወደ እኔም ዞር ብሎ፣ "ወንድምህ የሚወረውረው ኳስ ነው ትራስ?" አለኝ። ምልክት ሳልሰጥ ጓንቴን ዘረጋሁ።

ኔልፊ ወረወረ።

ኤርሲሊያ፣ እንዴት ብዬ ልንገርሽ። ቀዩ ስፌት ታየኝ። አንድ በአንድ። አየር ላይ የቆመች መሰለኝ። ከዚያ ወደ ግራ ተንቀጠቀጠች፣ ሐሳቡን እንደ ቀየረ ሰው ወደ ቀኝ አለች፣ ድንገትም ወረደች። ቶሪብዮ ባዶ አየር መታ። እኔም እጄን ሰደድኩ። አትሂድ የተባልኩት ሰውዬ! ጓንቴን ስታ ደረቴን መታችኝና መሬት ወደቀች።

መቺው ሦስተኛውን ቢስትም፣ ኳሷ ካልተያዘች መሮጥ ይችላል። ሯጩ ወደ ቤት እየመጣ ነው። የእነሱ ሰዎች፣ "ቶሪብዮ ሩጥ! አንተ በሬ፣ ሩጥ እንጂ!" ይላሉ። አቧራውን ዳበስኩ። አገኘኋት። ቀና ስል ቶሪብዮ አልሮጠም። ኳሷ ያለፈችበትን ቦታ ያያል፣ ምንም የሌለበትን አየር። በኳሷ ክንዱን ነካሁት። ዳኛው ውጭ አለው፤ አሸነፍን። ቶሪብዮ፣ ያ አፈኛ፣ በሹክሹክታ፣ "አየሃት?" አለኝ።

ኔልፊ ሮጦ መጥቶ መጀመሪያ የጠየቀኝ፣ "ወዴት ሄደች?" ብሎ ነው። የወረወራት እሱ፣ የሚጠይቀው እኔን። አላውቅም አልኩት። እውነቴን ነው። ሌሊቱን ሙሉ ዓይኔን ስጨፍን ትመጣብኛለች፤ አሁንም እፈራታለሁ።

ዶን ፕሊንዮ ኔልፊን አላናገረውም። ወደ እኔ መጥቶ፣ "አንተ፣ በዚህች ጓንት እስከ መቼ ታሳፍረናለህ? ለወንድምህ ኳስ የሚሆን ትልቅ ጓንት ፈልግ" ብሎኝ ሄደ። ኔልፊ ጀርባውን ሰጥቶን ጫማውን እየፈታ ነበር። እጁ ክሩ ላይ ቀረ።

ስለዚህ እህቴ፣ ሳን ሁዋን ገበያ ካለ፣ የተቀባይ ጓንት፣ ከሁሉ ትልቁን ላኪልኝ።

ኦቪድዮን ሰላም በይልኝ። ትንሿን ኖይሚን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ወንድሟን ሳንቲያጎንም እንዳትረሺው። እማማ ትመርቅሻለች። ኔልፊ በግራ እጁ ሰላም ብሎሻል፤ ቀኙን አሳርፎታል።

ወንድምሽ ራዳሜስ
ኮንሱኤሎ፣ ሰኞ ማርች 13 ቀን 1989