ጋሼ ዛሬም አልተነሱም

ኅዳር 3፣ ሰኞ

ጋሼ ዛሬም አልተነሱም።

እንዲህ የሚለው እኔ አይደለሁም፣ ካርድ ክፍል ነው። ጠዋት ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ የካርድ ክፍሏ እትዬ ደወሉ። «ኧረ ቶሎ ድረስ፣ ጋሼ አልተነሱም!» የማያውቅ ሰው ቢሰማ ሐኪም ይዞ ይሮጣል። ጋሼ ግን ኮምፒውተር ነው። ጥቁር ስክሪን፣ አረንጓዴ ፊደል፣ የሆስፒታሉ በሽተኛ ሁሉ ስሙ ያለበት አንድ ሳጥን። ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ ሲቀጠርም አርጅቶ ነው ያገኘው። በዕድሜው ምክንያት ሠራተኛው ሁሉ አንቱ ይለዋል። እኔ አንተ ነው የምለው። እልህ ይዞኝ።

ክዳኑን ከፍቼ ማራገቢያውን በእስክሪብቶ ገፋ አደረግሁት። አቃሰተ፣ ተነሣ። እትዬ፣ «ደህና አደሩ ጋሼ?» ብለው አቧራውን በእጃቸው ጠረጉለት። እኔን እንኳ ደህና አደርክ አላሉኝም።

ሰልፉ እስከ ውጭው በር ደርሷል። እማዬም አለችበት። የደም ግፊት መድኃኒቷን በየወሩ ልትወስድ ስትመጣ ግማሽ ቀን እዚያ ትቆማለች። ከጎኗ ልብስ ሰፊዋ አሉ፤ እሳቸው ለስኳራቸው ነው የሚመጡት። ሁለቱ የተዋወቁት እዚሁ ሰልፍ ላይ ነው። አሁን የነፍስ ጓደኛ ሆነዋል።

«አንተ ኮምፒውተር ተምረህ እኔ ቆሜ ልሙት?» አለችኝ በሰው ፊት። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። ምን ልበል? «እተካዋለሁ፣ እማዬ። ይኼ ሰልፍ ይቀራል» አልኩ። ስንት ጊዜ እንዲህ እንዳልኩ እሷም ታውቃለች።

ኅዳር 5፣ ረቡዕ

ጠዋት ተነሣ። ከሰዓት ተኛ። ፕሪንተሩ ደግሞ የራሱን ዓመል አመጣ። ደከመኝ።

ኅዳር 12፣ ረቡዕ

ዳይሬክተሩ ጠራኝ። አዲስ ሲስተም ይገዛ ብዬ የጻፍኩትን ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ አድርጎ የሻይ ስኒ አስቀምጦበታል።

«ይሠራል አይደል?»

«ሲነሣ ይሠራል።»

«እኮ! የሚሠራን ነገር ምን ያስነካካሃል?»

ነገርኩት። መለዋወጫው ከገበያ ጠፍቷል። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰውዬ የት እንደገባ አይታወቅም። ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቅ ሰው የለም... ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ፣ የገባው መሰለኝ። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ለዚህ እኮ ነው የማይነካው።»

ሳስበው ዋለሁ። ሰውዬው ሞኝ አይደለም። ነክቶት ቢበላሽ ተጠያቂው እሱ ነው። ሳይነካው ቢሞት ግን ዕድሜ ነው፣ ማንም አይጠየቅም። ጡረታው ደርሷል፣ በሰላም መውጣት ይፈልጋል። ከእሱ በፊት የነበረውም እንዲሁ ብሎ በሰላም ወጣ። ሁሉም በሰላም ይወጣል፣ ሳጥኑ ይቀራል፣ ሰልፉ ይቀራል፣ እኔ እስክሪብቶዬን ይዤ እቀራለሁ።

ኅዳር 20፣ ሐሙስ

ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች መጡ። ዳይሬክተሩ ካርድ ክፍልን ሲያስጎበኝ ጋሼ ጭስ አወጣ። እውነተኛ ጭስ። አንዷ እንግዳ በመሐረብ አፍንጫዋን ያዘች።

ከሰዓት ደብዳቤዬ ተፈርሞ መጣ። የሻይ ስኒው ክብ ምልክት አሁንም አለበት። እኔ ተናግሬ ተናግሬ ያልሆነውን አንድ እፍኝ ጭስ አደረገው። ልደሰት ወይስ ልናደድ? ሁለቱንም ሆንኩ።

ታኅሣሥ 11፣ ሐሙስ

ስሞቹን ከጋሼ አውጥቶ ወደ አዲሱ ማሻገር... እንደ ጎተራ ጽዳት ነው። አንዱ ሰው ሦስት ጊዜ ተመዝግቧል። የልደት ቀኑን ያላወቀው ሁሉ መስከረም አንድ ተወልዷል። ደግሞ ከአንዳንዱ ስም ኋላ ኮከብ አለ፤ በኪቦርዱ ላይ ያለችው ያቺ ትንሽ ኮከብ። ጣት የሳተው ይሆናል አልኩ። ግን በዛ። አዲሱ ሲስተም ደግሞ ስም ውስጥ ኮከብ አልቀበልም ይላል።

ጠይቄያለሁ። ይኼን ለራሴ ልጻፈው፣ ጠይቄያለሁ! እትዬን፣ ገንዘብ ያዡን፣ የመርፌ ክፍሏን ሲስተር፣ ሁሉንም ሰብስቤ «ጋሼ ላይ የምትጠቀሙበት፣ የትም ያልተጻፈ ነገር አለ?» አልኩ። እርስ በርስ ተያዩ። «ኧረ ምንም የለ» አሉ እትዬ። ገንዘብ ያዡ ሰዓቱን አየ። ሲስተር ሻይዋን ጠጣች።

በአንድ ትእዛዝ ኮከቡን ሁሉ አጸዳሁት። ገላዬን የታጠብኩ ያህል ቀለለኝ።

ጥር 6፣ ሰኞ

ተጀመረ!

ረፋዱ ላይ አራት ሰዓት ሲሆን ሰልፍ የለም። ወጥቼ አየሁ፣ በሩ ባዶ ነው። እማዬ መድኃኒቷን ይዛ «አለቀ? በቃ?» አለች። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ፣ «ታዲያ የት ቆመን ልናወራ ነው?» ብለው ቅር አላቸው። እማዬ ክንዴን ይዛ ለማታውቃቸው ሰዎች «ልጄ ነው ያስተካከለው» ስትል ሰማሁ። ያልሰማሁ መሰልኩ።

ጋሼን ነቅዬ ደረጃ ሥር ወሸቅሁት። እትዬ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ለሳጥን!

ጥር 15፣ ረቡዕ



ልብስ ሰፊዋ እግራቸው ቆስሎ መጡ። ፔኒሲሊን ታዘዘላቸው። ተወጉ። ከመርፌ ክፍል ሳይወጡ ፊታቸው አበጠ፣ ጉሮሮአቸው ተዘጋ። ሐኪሙ በኮሪደሩ ሲያልፍ ባይደርስ ኖሮ... አሁን ድንገተኛ ክፍል ናቸው። ይተነፍሳሉ። በማሽን ግን።

ሲስተርን ምን ነክቶሽ ነው አልኳት። ጮኼባታለሁ። ካርድ ክፍል አትሞ የሚሰጠውን ወረቀት አፍንጫዬ ሥር አመጣችው። «ኮከብ የት አለ? እየው! ኮከብ ያለበትን አልወጋም፣ የሌለበትን እወጋለሁ። እዚህ ላይ ኮከብ የለም!»

«የምን ኮከብ?»

ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ፣ ከዚያ ነገረችኝ። ያን አስተያየት አልረሳውም።

ጋሼ ላይ የመድኃኒት አለርጂ የሚጻፍበት ቦታ የለም። ስለዚህ ድሮ፣ አንድ ሰው ላይ ችግር ደርሶ፣ እትዬ ከስሙ ኋላ ኮከብ ማድረግ ጀመሩ። ሲስተርም ከእሳቸው ለመደች። በቃ። ማንም አልጻፈውም፣ ማንም ማንንም አላስፈቀደም። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ አልተናገሩም። ምን ይናገራሉ? ድሮ እትዬ «አይዞዎት፣ ኮከብ አድርጌልዎታለሁ፣ ከእንግዲህ ማንም አይወጋዎትም» ብለዋቸዋል። አምነው ክንዳቸውን ሰጡ።

እኔ ቆሻሻ ብዬ ነው ያጠፋሁት።

ጥር 16፣ ሐሙስ

እማዬ አታናግረኝም። ራት አቅርባልኝ ወደ ክፍሏ ገባች።

ጋሼን ከደረጃ ሥር አውጥቼ ሰካሁት። በአንዴ ተነሣ፣ ምቀኛ! ኮከቦቹ ሁሉ አሉበት። መልሼ አዲሱ ላይ የመድኃኒት አለርጂ ወደሚጻፍበት ቦታ ላሻግራቸው ተቀመጥኩ፤ እትዬና ሲስተር አጠገቤ ቆመዋል። ጠይቄ ነበር እኮ፣ እትዬ፣ አልኩ። «አንተ የጠየቅከው የማይታወቅ ነገር መስሎኝ ነው። ኮከብን ማን አያውቅም?» አሉና አለቀሱ። እውነታቸውን ነው። እጃቸው የለመደውን ነገር አፋቸው ሊናገረው አይችልም።

እዚህ ላይ ገንዘብ ያዡ ገባ። «ጎሽ፣ ኮከቦቹን መልስልኝማ። በነፃ የሚታከሙትን መለየት አቅቶኛል።»

ሁላችንም ዞረን አየነው።

«በነፃ?»

«አዎ። ኮከብ ያለበት ነፃ ታካሚ ነው። እኔም ብዙ አድርጌያለሁ።»

የምስቅበት ቀን ቢሆን መሬት ላይ እንከባለል ነበር። እትዬ በኮከብ መድኃኒት አይስማማውም ይላሉ፤ ገንዘብ ያዡ በዚያው ኮከብ ድሃ ነው ይላል። ክፍላቸው ግድግዳ ይጋራል! አንዱ የሌላውን ሳያውቅ ስንት ዓመት። ሲስተር ጭንቅላቷን ያዘች። «ለካ ለዚህ ነው! ይኼ አገር ድሃው ሁሉ ምን ሆኖ ነው ፔኒሲሊን የማይስማማው ስል የኖርኩት።» ልብስ ሰፊዋም ከፍለው አያውቁም፤ ሆስፒታሉ የሚያከብራቸው ይመስላቸው ነበር።

እና አሁን የትኛው ኮከብ የቱ ነው? ማንም አያውቅም። ጋሼም አያውቅም።

ጥር 21፣ ማክሰኞ

ዳይሬክተሩ፣ «ብዬ ነበር» አለ። ደስ ብሎት ነው ያለው፣ ፊቱ ላይ አየሁት። «ወደ ድሮው እንመለስ። አዲሱ ይቀመጥ።»

እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። የሚያናድደኝ ትክክል መሆኑ ነው። ትክክል ነው ግን በሌላ ምክንያት! እሱ የፈራው ለወንበሩ ነው። ኮከቡን እሱም አያውቀውም ነበር። ሰው አሮጌ ነገር የሙጥኝ የሚለው ስለሚወደው ይመስለኝ ነበር፣ ወይ ስለሚሰንፍ። አሁን እንጃ። ጋሼ የጎደለውን ሁሉ ሰዎቹ በራሳቸው ዘዴ ሲደፍኑ ኖረዋል፣ ዘዴው ደግሞ ከጋሼ ጋር ተጣብቋል። ሳጥኑን ስነቅል ምን ምን አብሮ እንደሚነቀል ማየት ነበረብኝ። አንድ ቀን እንኳ እትዬ አጠገብ ተቀምጬ ሲሠሩ አላየሁም። ጠርቼ ሰበሰብኳቸው እንጂ።

ግን አልመለስም። ብንመለስስ? ኮከቡ መቼም አይለይ። እንዲህ አልኩት። «እንግዲያው ኮከብ ያለበትን ሰው ሁሉ ሲመጣ የማይስማማው መድኃኒት እንዳለ እንጠይቀዋለን። የሌለበትንም። እስኪያልቅ ጋሼም አዲሱም ይሠራሉ፤ እስከዚያ ኮከብ ያለበት አይወጋም።»

«ሰልፉስ?»

«ይረዝማል።»

«ተጠያቂው?»

«እኔ።»

ተጠያቂ ሲያገኝ ወዲያው ፈቀደ።

ጥር 24፣ ዓርብ

ልብስ ሰፊዋን አልጋቸው ድረስ ሄጄ ጠየቅኋቸው። ማሽኑ ተነቅሎላቸዋል፣ ድምፃቸው ግን ሻክሯል። ይቅርታ ልል ሄጄ በር ላይ ቆምኩ። ጭራሽ እሳቸው «ና ተቀመጥ፣ ፊትህ ገርጥቷል» አሉኝ።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አልኩ።

«ነግራኛለች እናትህ። ስትረግምህ ውላ ሄደች።» ከዚያ ጣራውን እያዩ፣ «ኮከቤ አለ ብዬ እኮ ነው... ደህና ልጅ ነህ፣ ግን ለምን ጠፋብኝ?»

ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ግድግዳ ይዤ አለቀስኩ።

የካቲት 12፣ ማክሰኞ

እትዬ አጠገብ ነው የምቀመጠው አሁን። ሲጽፉ አያለሁ። ሌላም ነገር አገኘሁ፤ ስሙ በነጥብ የሚያልቅ ሁሉ ጆሮው የማይሰማ ነው፣ ጮክ ተብሎ ይጠራ ማለት ነው። ቢያንስ ይኼን አላጠፋሁትም ነበር።

ሰልፉ እንደ ድሮው በር ደርሷል። ሰው ይሰድበኛል። ይሰድቡኝ።

መጋቢት 4፣ ረቡዕ

ጋሼ ዛሬ በሰዓታቸው ተነሡ። እስክሪብቶም አላስፈለጋቸው።

እማዬና ልብስ ሰፊዋ ሰልፍ ላይ ነበሩ፣ ጎን ለጎን። እማዬ አየችኝ፣ ፊቷን መለሰች። ከዚያ ቀን ወዲህ ከ«ብላ» እና ከ«በሩን ዝጋ» በቀር ቃል አላወጣችልኝም። መጠየቁ የእትዬ ሥራ ነው፤ የእነሱ ተራ ሲደርስ ግን እትዬን አስነሥቼ ተቀመጥኩ።

«መድኃኒት የማይስማማዎት አለ?»

ልብስ ሰፊዋ አፍጥጠው አዩኝ። «ታላግጣለህ?»

«ሳይጠየቅ አይጻፍም። ሕግ ነው።»

«ማን ያወጣው?»

«እኔ።»

«ፔኒሲሊን» አሉ፣ ለሕፃን እንደሚያስጠኑ እየጎተቱ። ጻፍኩት። ከስማቸው በላይ ቀይ መስመር ወጣ። ስክሪኑን አዙሬ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት።

«ኮከቤስ?»

«አሁን አያስፈልግም፣ ቀዩ ካለ...»

«ቀዩ ለሲስተር ይሁናት። እኔ የማውቀው ኮከቤን ነው።»

አዲሱ ሲስተም ስም ውስጥ ኮከብ አይቀበልም ነበር። ባለፈው ሳምንት እንዲቀበል አድርጌዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ ለማንም አልነገርኩም። ከስማቸው ኋላ አንዲት ኮከብ አስገባሁ። ወረቀቱን ሲያዩ ፊታቸው ፈታ አለ። «ገንዘብ ያዡ ጋ አሁንም ነፃ ነው?» ብለው ሳቁ።

ቀጥሎ እማዬ።

«መድኃኒት የማይስማማሽ አለ?» ለወጉ ነው የጠየቅኋት። እናቴ እኮ ናት፤ አንድ ቤት ነው የምንኖረው። ጋሼም ላይ ኮከብ የላትም። ጣቴ «የለም» የሚለው ላይ ተቀምጧል።

«አለ» አለች።

ቀና አልኩ።

«አንተን የወለድኩ ለታ የወጉኝ። ሰውነቴ ሁሉ አብጦ ልሞት ነበር። ስሙን ወረቀት ላይ ጽፈውልኛል፣ ቤት አለ።»

«እማዬ! ለምን አልነገርሽኝም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ጣቴን አነሣሁ። ቀዩን አስገባሁ፣ ኮከብም ጨመርኩ። ስሙን ማታ ቤት ገብታ ትነግረኛለች።