የራሄል የንፋስ ሳጥን

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3። ከቀኑ 10 ሰ.

የሚጽፈው ከድር ነው፣ ልብስ ሰፊው፣ የሱቄ ጎረቤት። እጁ የእሱ፣ ነገሩ የእኔ የሽፈራው። እኔ ያልኩትን እንጂ የሚያምርህን እንዳትጽፍ ብዬዋለሁ። እየሳቀ ነው። እሱንም ጻፍ።

ዛሬ ሁለት ጭስ ማውጫ አስረከብኩ። አንዱ አስኮ ላለ ዳቦ ቤት። ቀኝ እጄ ጠዋት ይንቀጠቀጣል፣ ከረፋዱ በኋላ ይሻለዋል። ዓይኔ ግን ቀኑን ሙሉ ያው ነው፣ ብየዳው አርባ ዓመት በልቶታል። ለማንም አልተናገርኩም። ላንተ ብቻ ነው፣ ደብተር። ከድር እንደሆነ አፉ ውስጥ መርፌ ስለማይጠፋ አያወራም።

ልጄ ራሄል ዩኒቨርሲቲ ማስተርሷን ልትጨርስ ነው። ሥራዋ ጋዝ ሲፈስ መለካት። የማይታይ ነገር ምኑን ትለኪዋለሽ ብያት ነበር። ባለ መስታወት የላሜራ ሳጥን ሠራሁላት፣ ሰው ያስተኛል። በአንድ ጫፍ አየር ይገባል፣ በሌላው ማራገቢያ ይስበዋል። ውስጡ ጥቁር ቀለም፣ ብርሃን እንዳይመልስ። አየሩ ላይ ስስ ጭስ ትለቅበታለች። ከዚያ ሌዘር የሚሉት ብርሃን እንደ ወረቀት ሳስቶ ይገባል። የጭሱ ቅንጣት ብርሃኑን ትበትነዋለች፣ ካሜራው ብልጭታዋን ቶሎ ቶሎ ሁለቴ ያነሳል። ከአንዱ ፎቶ እስከ ሌላው ምን ያህል ሄደች? እሱ ነው የአየሩ ፍጥነት። ይኸው፣ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ገባው።

ዛሬ ግን ፊቷ ጠቁሮ መጣች። ቁጥሩ እምቢ ብሏል። ከገባው አየር የወጣው በለጠ። ሳጥኑ የሆነ ቦታ ክፍት ይሆን እንዴ ብላ ጠየቀችኝ፣ በትሕትና። ጮህኩባት። አርባ ዓመት የሠራሁት እጅ ላይ ጣትሽን አትቀስሪ አልኳት። ይቅርታ አባዬ አለች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5። ከረፋዱ 5 ሰ.

ባሰ። አስተማሪዋ ዶክተሩ፣ ቁጥሩን ለክተሽ ነው ወይስ ቤትሽ ተቀምጠሽ ጽፈሽ አላት። በሰው ፊት። ሰኞ ኮሚቴ ይቀመጣል። ምክንያቱን ካላቀረበች ጽሑፏ ይሰረዛል። ሁለት ዓመት! ሌዘሩም የውሰት ነው፣ ማክሰኞ ይመለሳል።

ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ካሜራውን ፈትሻለች፣ ጭሱን ፈትሻለች፣ ስሌቱን ሦስቴ ደግማለች። ሳጥኑን አልነካችም። ዶክተሩ ሳጥኑስ ብሎ ሲጠይቃት፣ እሱን የሠራው አባቴ ነው፣ አልጠረጥረውም አለችው። ይህን ቀና ብላ ነገረችኝ። ደስ እንዲለኝ።

ውሃ ልጠጣ ብዬ ወጣሁ። አልጠጣሁም።

ያው ዕለት፣ 9 ሰ.

ጻፍ ከድር፣ አትየኝ። ሳጥኑን ስጨርስ የመጨረሻው ብየዳ ከሥር በኩል ነበር። ላሜራው ስስ፣ እጄ ሳተ፣ እሳቱ በሳው። ጣት የሚያሳልፍ። እንደገና ልበይደው ሞከርኩ፣ ዓይኔ መስመሩን አላገኘውም። ቀለም ቀቢ ስንጥቅ የሚደፍንበትን ስቱኮ ሞላሁበት፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት፣ ቀለም ቀባሁበት።

ክፋት አልነበረም። ጭስ ማውጫ ላይ ሁሌም እንዲህ ነው። ትንሽ ቀዳዳ ብትቀር ጥላሸቱ ራሱ በወሩ ይደፍናታል። አርባ ዓመት አንድ ሰው ተመልሶ ቀዳዳ አለው አላለኝም። የራሄል ሳጥን ግን ጥላሸት የለውም። በየቀኑ ትወለውለዋለች። በመኪና ሲጫን ስቱኮው ተሰንጥቆ ይሆናል። ተሰንጥቋል።

ከድር እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሂድና ንገራት አለኝ። ያንተ ሥራ መጻፍ ነው አልኩት። «የእኔ ሥራስ ሱሪ ማሳጠር ነው፣ አንተ ግትር!» አለኝ። ተሰዳደብን። አልናገርም ብሎ ግን ማለልኝ። ሻይ ሳንጠጣ ተለያየን።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7። ከቀኑ 11 ሰ.

ከድር መጥቷል። አኩርፏል፣ ግን ይጽፋል።

ዩኒ. ሄጄ ነበር። ከአየር ጤና ሁለት ታክሲ። ምሳ አመጣሁልሽ አልኳት። ኪሴ ውስጥ ግን ስቱኮ ነበር። ዘወር ስትል ልደፍን። ማን ያውቃል ብዬ።

ስታየኝ እንደ ሕፃን ሆነች። ብርሃኑ ዓይን ያጠፋል ብላ ሳጥኑ አጠገብ አላስጠጋችኝም። በስክሪን አሳየችኝ፣ አጉልታ። ደብተር፣ የብየዳ መስመር የማይለየው ዓይኔ ያንን አየ። ነጫጭ ቅንጣት፣ እልፍ፣ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ሲተም። ከወለሉ በኩል ግን፣ ልክ እኔ የደፈንኩበት ጋ፣ ጥቁር ምላስ ወደ ላይ ይወጣል። ቅንጣቶቹ እሱ ጋ ሲደርሱ ይታጠፋሉ። ከውጭ የገባ ንጹሕ አየር ነው፣ ጭስ ስለሌለው ብርሃን አይበትንም። እኔ ወዲያው አወቅኩት። እሷ እኮ የመስታወቱ እድፍ መስሏታል! መስታወቱን ሦስት ጊዜ ወለወልኩት፣ አልለቅ አለኝ አባዬ አለች።

ሌዘሩን አጠፋች፣ እጇን ልትታጠብ ወጣች። ማራገቢያው ይዞራል። ተንበርክኬ ከሥር ዳበስኩ። ስንጥቁ ጣቴን ሳበኝ። የሚጠባ ጥጃ ይመስላል።

ስቱኮውን አወጣሁ። ቆምኩ። ብደፍነው ከዛሬ ወዲያ ቁጥሩ ይስተካከላል። ያለፈውስ? ያለፈው የእሷ ውሸት ሆኖ ይቀራል። ዶክተሩም ይኸው፣ ስትጠነቀቂ ተስተካከለ ይላታል። ስቱኮውን ኪሴ መለስኩት።

አልነገርኳትም ግን። ምሳዬን አብሬያት በላሁ። ሽፈራው ፈሪ ነው። ጻፍ እንጂ!

እሑድ፣ ኅዳር 8። ከቀኑ 9 ሰ.

ከድርን ቤቴ አስመጣሁት። ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። በምን ፊቴ።

ራሄል ለኮሚቴው ደብዳቤ ጽፋለች። አነበበችልኝ። ስህተቱ የእኔ ነው፣ የት እንደሆነ አላገኘሁትም፣ ጽሑፌን ትቼዋለሁ ይላል። አልቅሳ የጨረሰች ልጅ ድምፅ ነው ያላት። ነገ በጠዋት ልታስገባ ነው። ከዚያ ወዲያስ አልኳት። ሱቅህ ውስጥ አግዝሃለሁ አለች። ፈገግ ለማለት ሞከረች።

ከምሳ በኋላ ሦስት ጊዜ ጠራኋት። ሦስቴም አቤት ብላ መጣች። አንዴ ጨው አልኳት፣ አንዴ ራዲዮኑን ክፈችው፣ አንዴ ምንም። አፌ እምቢ አለኝ። ሰባ ዓመት ማንንም ይቅርታ ጠይቄ አላውቅም፣ የት ይጀመራል?

ነገ አብሬያት እሄዳለሁ፣ ቆርጫለሁ። መቁረጫዬን ይዣለሁ። ኮሚቴው ፊት ሳጥኑን ገልብጬ ያንን ስቱኮ በገዛ እጄ እፈለፍላለሁ። እጄ ይንቀጠቀጥ፣ ይዩት። ከዚያ ወጣት በያጅ ይፈለግላታል። እኔ ዳግም ብረት አልበይድም።

ግን ከእነሱ በፊት እሷ ትስማ። በረንዳው ላይ ናት፣ ልብስ እያሰጣች። ከድር፣ ጥራት። ደብተሩን ለእሷ ስጣትና አንተ ወደ ሱቅህ ሂድ። ከማክሰኞው ጀምራ፣ ምንም ሳትዘል፣ ጮክ ብላ ታንብብልኝ። እኔ እዚሁ ተቀምጬ እሰማለሁ።