በንጉሥ አምላክ ያልቆመችው ማኪና

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለአሥር አለቃ አለነ ዳኛው፣
ሐረር፣ ጦር ሰፈር።

ከጎንደር እስከ ሐረር ያለውን ተራራና በረሃ የፈጠረው ያውቀዋል፤ ያን ሁሉ ተሻግሮ ሰላምታዬ ይድረስህ። እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? ባለፈው የጻፍክልኝ የጉልበትህ ሕመም ተሻለህ ወይስ አሁንም ስትሰለፍ ያስነክስሃል? የሐረር ፀሐይ ተስማማህ ወይስ የወገራ ብርድ በሕልምህ ይመጣል? እንቅልፍስ ትተኛለህ? ይህን የመጨረሻውን የምጠይቅህ ለወግ አይደለም። እኛ ደህና ነን እንዳልልህ የሆነውን ሰምተሃል፤ ደህና አይደለንም እንዳልልህ ደግሞ እናታችን እህል መቅመስ ጀምራለች፣ ሽታዬም ከአጠገቧ አልተለየችም። የቁስቋም እመቤት ትመስገን፣ በሕይወት አለን።

አለነ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ገና ሐረር ካለህ፣ ቁጭ በልና እስከ መጨረሻው አንብበው። ጓዝህን እየሸከፍክ፣ ጫማህን እያሰርክ አታንብበው። ጠባይህን አውቀዋለሁ። ልጆች ሳለን የሰው ውሻ ሽታዬን ቢነክሳት፣ እኔ ቁስሏን ሳጥብ አንተ የውሻውን ባለቤት አጥር ስትነቅል ነው የተገኘኸው።

እኔ መርዶህን በወጉ፣ በማለዳ፣ ሰው ከብቦህ እንዲነግሩህ ብዬ ለጦር ሰፈራችሁ ቄስ ጽፌ ነበር። ደርሷቸው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። አጎታችን አያ በላቸው ቴሌግራም የላከልህ መሆኑን የሰማሁት ግን ካስመታ በኋላ ነው። ከአምባ ጊዮርጊስ ወርዶ፣ በደጄ አልፎ፣ እኔን ሳይጠይቅ አራዳ ገብቶ «አባትህ ተገደለ፤ ቶሎ ና» ብሎ አስመታ። ምነው እንዲህ አደረግህ ብዬ ብጠይቀው «ምነው? ውሸት ጻፍኩ? አልጋው ላይ ሞተ ልበል?» አለኝ። ውሸትስ አልጻፈም። ያቺ ሽቦ ግን ቁጣውን በአንድ ቀን አድርሳ ምክንያቱን ለእኔ ትታዋለች፤ እኔ ደግሞ ያለኝ ፖስታ ነው። በአውሮፕላን ይሄዳል ይሉኛል፤ አውሮፕላኑ ግን ደመና ባየ ቁጥር ይቀራል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ አውቶቡስ በገባ ቁጥር አራዳ እወርዳለሁ። የወታደር ልብስ የለበሰ ሁሉ አንተን እየመሰለኝ ልቤ ይመታል። ሳላገኝህ ወደ አምባ ጊዮርጊስ አልፈህ እንዳይሆን እያልኩ እየተብሰለሰልኩ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።

አሁን የሆነውን ልንገርህ። ጎረቤታችን ለተ ማርያም፣ ያቺ ባሏ የሞተባት፣ ያለቻት አንዲት አህያ እንደነበረች ታውቃለህ። በመስከረም አንዲት የጭነት ማኪና አህያይቱን ጣሊያን በሠራው መንገድ ላይ ገጭታ፣ ዞር ብላም ሳታይ ሄደች። ለተ ማርያም አባታችን ዘንድ መጥታ አለቀሰች። አባታችን ደግሞ የሰው አቤቱታ እንደ ራሱ ቁስል ያመው ነበር። «ሰው ቢሆን ዋስ አስጠርቼ እዳኘው ነበር፤ ይቺን የት አገኛታለሁ?» እያለ ሰነበተ።

በጥቅምት መጀመሪያ፣ በገበያ ቀን፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ገበያ ወደ ቤቱ ሲመለስ አንዲት የጭነት ማኪና ቁልቁለቱን ይዛ ስትመጣ አየ። አህያይቱን የገደለችው እሷ ትሁን ሌላ አልለየም፤ ለእሱ ሁሉም አንድ ናቸው። ከመንገዱ መካከል ገባ፣ ዱላውን ተከለ፣ እጁን አነሣና «በጃንሆይ አምላክ ቁም!» አለ።

ይህን ቃል አንተም እኔም ከእናታችን ጀርባ ሳንወርድ ጀምሮ እናውቀዋለን። በጃንሆይ አምላክ የተባለ ሰው ሌባም ይሁን ባላባት ባለበት ይቆማል፤ ካልቆመ የደፈረው የጠራውን ሰው ሳይሆን ዙፋኑን ነው። አባታችን በዚህ ቃል ስንቱን አቁሟል። ለድንበር ጎራዴ የተማዘዙ ወንድማማቾችን ሲያቆም በዓይናችን አይተናል። ደግሞም የጠራው ሰው ራሱ ፈቀቅ አይልም፤ ፈቀቅ ካለ ቃሉን ያቃልላል። ስለዚህ አባታችን አልተንቀሳቀሰም። ገበያተኛው «አያ ዳኛው፣ ዞር በል! ዞር በል!» እያለ ሲጮህ እሱ እጁን እንዳነሣ ቆሞ ነበር። ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። ማኪናዋ ግን ጨው ጭና ነበርና ቁልቁለቱ አሸንፎ አወረዳት።

ብዙ አልተሠቃየም። ይህን የምልህ ላጽናናህ ብዬ አይደለም፤ የገነዝኩት እኔ ነኝ።

ሹፌሩ ወልደ ዮሐንስ ይባላል፤ የአክሱም አገር ሰው ነው። አልሸሸም። ከማኪናው ወርዶ የአባታችንን ራስ ጭኑ ላይ አድርጎ እንደተቀመጠ ነው ያገኙት፤ የነፍስ አባታችን መስቀላቸውን ይዘው ባይገቡ ኖሮ ገበያተኛው በድንጋይ ይጨርሰው ነበር። ጎንደር ችሎት ሲቀርብ እኔና አያ በላቸው ነበርን። የችሎቱ ዳኛ «በጃንሆይ አምላክ ስትባል ሰምተሃል?» ብለው ጠየቁት። ሰውየው ቀና ብሎ እንኳ አላየም። «ጌታዬ፣ አፋቸው ሲከፈት አይቻለሁ። እጃቸውን ሲያነሡ ሰላም ያሉኝ መስሎኝ ክላክስ ነፋሁላቸው። መልስ መስጠቴ ነበር። ከመንገዱ እንደማይነሡ ሲገባኝ ፍሬን ያዝኩ፤ አልደረሰልኝም» አለ። አያ በላቸው «ሰላም!» ብሎ ጋቢውን ወደ ኋላው ወርውሮ ከችሎቱ ወጣ።

አዲሱ የወንጀል ሕግ አስቦ የገደለንና ሳያስብ የገደለን ይለያል። ስለዚህ በዋስ ተለቀቀ፤ ፍርዱ በየካቲት ነው። አገር ቤት ግን ይህን የሚሰማ ጆሮ የለም። በንጉሥ አምላክ ተብሎ ያልቆመ እንዴት ሳያስብ ገደለ ይባላል ይላሉ። በአርባው ላይ አልቃሾቹ ምን እያሉ እንዳለቀሱ ልጽፍልህ አልወድም። ያንተን ስም አንሥተዋል። የእኔንም አንሥተውታል፤ የእኔን ግን ለመሣቂያ ነው፤ ደብተራ ከመቋሚያ ሌላ ምን ያነሣል ብለው።

እኔም መጀመሪያ የሹፌሩን ቃል አላመንኩም። ሰምቶ ነው የናቀው አልኩ። ነገሩ ሲከነክነኝ ሰንብቶ አራዳ ከሚቆሙት ሹፌሮች አንዱን ለምኜ፣ በዚያው ዓይነት ማኪና ጋቢና ገብቼ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ወጣሁ። አያ በላቸውን አባታችን ከቆመበት ቦታ ከመንገዱ ዳር አቆምኩትና፣ እኛ ቁልቁለቱን ስንወርድ ያንኑ ቃል ባለ በሌለ ድምፁ እንዲጣራ ነገርኩት። ድምፁን ታውቀዋለህ፤ ከወንዝ ማዶ በሬ የሚመልስ ድምፅ ነው።

አለነ፣ አልሰማሁም። ምን እንደሚል አስቀድሜ እያወቅሁ፣ ጆሮዬን ወደ መስኮቱ ጥዬ፣ ልስማ ብዬ ጓጉቼ አልሰማሁም። የሞተሩ ጩኸት ሌላ ነገር አያስገባም። አፉ ሲከፈት አየሁ። የአንገቱ ሥር ሲገተር አየሁ፣ እጁ ሲነሣ አየሁ። ከላይ ለሚመጣ ሰው ሰላም የሚል ሽማግሌ ይመስላል። ያኔ አባታችን በዚያች ሰዓት ለዚያ ሰው እንዴት እንደታየው ገባኝና ጋቢናው ውስጥ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

ስወርድ አያ በላቸው «ሰማህ?» አለኝ። አልሰማሁም አልኩት። በዱላው መሬቱን ሲጭር ቆየ። በኋላ «ያንተ የከተማ ጆሮ ነው» አለኝ። እስከ ቤት ድረስ ሌላ ቃል ከአፉ አልወጣም። አያ በላቸው ዝም ሲል ደግሞ ከሚጮህበት ይልቅ ያስፈራኛል።

በኦሪት የተጻፈውን ታስታውሳለህ፤ የኔታ ያስተማሩንን። እንጨት ሊቆርጥ የሄደ ሰው መጥረቢያው ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን ቢገድለው፣ የቀደመ ጠብ ከሌለው የሚጠጋበት ከተማ ይሰጠዋል ይላል፤ ደም መላሹ በንዴት ተከትሎ እንዳይገድለው። ይህን ሳነብ ሁሌ መጥረቢያውን የያዘው ሌላ አገር ያለ ሰው ይመስለኝ ነበር። ወልደ ዮሐንስ በዋስ ከወጣ ወዲህ የተጠጋው እኛው ደብር ቁስቋም ቅጥር ነው። እጄ ደም አለበት ብሎ ወደ ውስጥ አይገባም። ከቅጥሩ በር አጠገብ ግንቡን ተደግፎ ቅዳሴውን ከውጭ ያስቀድሳል። እኔ ማኅሌት ቆሜ ስወጣ የአባቴን ገዳይ አልፌ ነው ቤቴ የምገባው። መጀመሪያ በሌላው በር እየዞርኩ እወጣ ነበር። አሁን በዚያው በር አልፋለሁ፤ አንገቴን ግን ቀና አላደርግም። እሱም አያደርግም።

ሽማግሌዎች ለእርቅ ሲቀመጡ መጀመሪያ የጠየቁት የገዳይ ዘመድ የት አለ ብለው ነው። ደም የሚታረቀው ዘር ከዘር ነው፤ ለነገ የሚዋስ፣ አብሮ የሚምል ያስፈልጋል። የወልደ ዮሐንስ ዘር አክሱም ነው፤ እዚህ ዘመድ የሚለው አንድ ሰው የለውም። ነገሩ በዚህ ሊፈርስ ተቃረበ። ባለፈው ሳምንት እሑድ ታዲያ የአራዳ ሹፌሮች መጡ። ማኪናቸውን ከመንደሩ ርቀው አቁመው፣ በእግራቸው፣ ያን የዘይት ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ እያንዳንዳቸው ድንጋይ በጫንቃቸው ተሸክመው ከደጃችን ተንበረከኩ። «ዘመዶቹ እኛ ነን» አሉ። አንዱ የጅማ ሰው ነው፣ አንዱ የሐማሴን፣ አንዱ የኛው የደምቢያ ልጅ። ሽማግሌዎቹ እንዲህ ያለ ዘመድ አይተው አያውቁምና እርስ በርስ ተያዩ። እናታችን በሩ ላይ ቆማ ብዙ ስታያቸው ቆየች። «ድንጋዩን አውርዱት፣ ይከብዳችኋል» አለችና ተመልሳ ገባች።

አያ በላቸው በማግሥቱ ነው አራዳ ወርዶ ቴሌግራሙን ያስመታው። የወንድሙ ደም ረክሶ ሊቀር መሰለው። አልፈርድበትም፤ አብረው ያደጉ፣ በአንድ ቀንበር ያረሱ ናቸው። ግን እሱም ቢሆን በሽማግሌ ፊት «አለነ መጥቶ ይታረቅ ካለ እኔም አፌን እዘጋለሁ» ብሏል። ሽማግሌዎቹም ያሉት ይኸንኑ ነው። የሟች ወንዶች ልጆች ሁለት ናቸው፤ አንዱ እጁን ሰጥቶ ሌላው ከቀረ እርቅ አይባልም፤ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ቀጠሮው ጾሙ ሲፈታ፣ በጥር ሥላሴ ነው። የሚታረደው በግ ተመርጧል። የቀረው አንተ ነህ።

ስለዚህ አትምጣ አልልህም። ና። ግን ሽማግሌ ፊት ልትቆም ና እንጂ ደም ልትመልስ አትምጣ። የአባታችን ምንሽር ግድግዳው ላይ አለ ብለህ አስበህ ከሆነ የለም፤ እናታችን በገዛ እጇ አውርዳ ለነፍስ አባታችን ሰጥታዋለች። የመንደሩ ሰዎች በዚህ ሲያሟት ሰምታ «አንዱን ማኪና ወሰደብኝ። ሁለተኛውን ገመድ እንዲወስድብኝ አልወለድኩም፤ ብለህ ጻፍለት» አለችኝ። እንዳለችው ጻፍኩልህ። ሰው የገደለ በአደባባይ እንደሚሰቀል አንተም ታውቃለህ። እኔ እፈራለሁ፣ አለነ። ፈሪ ነው በለኝ፤ አልቆጣም። አባቴን ቀብሬአለሁ፤ አንተን ለመቅበር አቅም የለኝም።

ጎንደር ስትደርስ አውቶቡሱ በሚቆምበት ፈልገኝ። ካጣኸኝ ማንንም ሳታናግር ቁስቋም ውጣ። ከየትኛው በር እንደምትገባ አልመክርህም።

እናታችን እንኳየሁ ጉልበትህን ትስማለች፤ ስትመጣ ከሐረር ምንም አታምጣ፣ ራስህን አምጣ ብላለች። እህታችን ሽታዬ እንዴት ነህ ትልሃለች፤ የላክህላትን ሻሽ ለሐዘኑ ጥቁር ነክራዋለችና እንዳትቀየማት። ባለቤቴ ወለተሩፋኤል ሰላም ትልሃለች። ሕፃኗ ሰብለ ወንጌል ጥርስ አብቅላለች፤ አጎቷን አላየችም። ለተ ማርያም በእኔ አህያ ምክንያት እያለች ታለቅሳለች፤ ከልብህ አታውጣት። አያ በላቸው ሰላም በልልኝ አላለኝም፤ ደብዳቤውን መቼ እንደምልክ ግን ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል።

ወልደ ዮሐንስም ለአንተ እየጻፍኩ መሆኑን ያውቃል። ዛሬ ጠዋት በአጠገቡ ሳልፍ ቀና ብሎ አፉን ከፈተ፤ ያን ጊዜ ደወሉ ይደወል ነበርና ያለውን አልሰማሁትም። ሰላምታ ይሁን ሌላ ነገር አላውቅም። አንተ መጥተህ ስማው።

ወንድምህ
ሐብተ ማርያም ዳኛው

ጎንደር፣ ቁስቋም
ኅዳር ፳፩ ቀን ፲፱፻፶፩ ዓመተ ምሕረት