«ሌት» የሚለው ቃል
ሐሙስ፣ ኅዳር 16 ቀን 1997 ዓ.ም.

የቢሯችን ጽዳት ሠራተኛ እትዬ ወርቄ፣ ሆሳዕና ከተማ ያሉትን የታመሙ እናታቸውን ለመጠየቅ የሳምንት ፈቃድ ጠይቀው ነበር። ፈረንጇ ኃላፊያችን ዛሬ ጠዋት እሳቸውንና እንድተረጉም እኔን አስጠራችንና «ዊ ሃቭ ቱ ሌት ሄር ጎ» አለችኝ። እኔ «ሌት»ን የማውቀው መፍቀድ ብዬ ነው። «ይሂዱ ብላለች» አልኳቸው። እትዬ ወርቄ አቅፈው ሳሟት። የፈረንጇ ዓይን እንባ አቀረረ፤ ደግነት መሰለኝ።

ከምሳ በኋላ ጸሐፊዋ «ምትካቸውን ፈልጊ ተብያለሁ፤ እንዴት ነገርካቸው?» ስትለኝ ነው አባባሉ ከሥራ ማሰናበት መሆኑ የገባኝ።

ማታ ወሰን ሰፈር ቤታቸው ስደርስ ሻንጣ እያዘጋጁ ነበር። ለነገ ትኬት ቆርጠዋል። ቁጭ ሳልል ነገርኳቸው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ጉዞው አንድ ቀን ይቆይ» አሉ። «ነገ ቢሮ እገባለሁ። ምን እንዳጠፋሁ ራሷ ትንገረኝ። አንተ ትተረጉምልኛለህ።»

«የእኔ እንግሊዝኛ አይበቃም፤ ጸሐፊዋ ትሻላለች» አልኳቸው።

«ይሂዱ ያልከኝ አንተ ነህ» አሉኝ። «አንተው ጨርሰው።»