የእግር ማጠቢያው ገበቴ

የቤቴ ምሰሶ፣ ጥሩዬ፣

ከተለየሽኝ ይሄ አራተኛው የነቢያት ጾም ነው። እኔ ጉልበቴን ያመኛል እንጂ ደህና ነኝ፣ ይመስገን። ጋሸና የተዳረችው ልጃችን ሴት ወልዳ በአንቺ ስም ጠርታታለች።

ሌላውን ግን ለመንገር ከብዶኝ ነው የቆየሁት። ቤታችን፣ ያ አያትሽ የሠሩት ባለ ሰገነቱ ክብ የድንጋይ ቤት፣ ሙዚየም ሆኗል። ግንቡ ሲሰነጠቅ ብቻዬን አልቻልኩትም። ለቅርስ ጠባቂዎቹ ፈርሜ ሰጠሁና ታች ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ስፈርም ቃልሽ ትዝ አላለኝም ብል ውሸት ነው። ታመሽ ሳለ እጄን ይዘሽ «በገና በሩን በእንግዳ ላይ እንዳትዘጋ» ብለሽኝ ነበር፤ እሺ ብዬሽም ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ክፍሏ ጠባብ ናት እያልኩ አንድም የገና እንግዳ አላሳደርኩም።

ከትናንት በስቲያ ሄጄ አየሁት። አስጎብኚዋ «አባባ፣ ጫማዎን ያውልቁ» አለችኝ፤ በገዛ ቤቴ! ግንቡን በደንብ ጠግነውታል። አንቺ በጭቃ የለቀለቅሽው ግድግዳ ላይ የጣቶችሽ መስመር አለ፤ ሰው እንዳይነካው ገመድ ዘርግተውበታል። እኔም ከገመዱ ወዲህ ቆሜ አየሁት።

መደቡ ላይ ገበቴያችን ተቀምጧል። ከሥሩ «የሊጥ ማቡኪያ» ተብሎ ተጽፏል። ጥሩዬ፣ አንድ ቀን እንኳ ሊጥ አብኩተሽበት አታውቂም! ገናን ሊሳለም ከሰቆጣ፣ ከደላንታ በእግሩ የመጣውን እንግዳ ሁሉ እግር ያጠብሽበት ነው። እሾህ ስትነቅዪላቸው እኔ ጧፍ እይዝልሽ ነበር፤ «ለፊቴ ሳይሆን ለእሾሁ አብራ» እያልሽ ትቆጪኝ ነበር።

ላርማት ስል ከደጅ ድምፅ ሰማሁ። ከወገል ጤና በእግራቸው የመጡ አንዲት አሮጊት፣ «እዚህ ቤት አንዲት ደግ ሴት ታሳድረኝ ነበር» ይላሉ። አስጎብኚዋ «እማማ፣ አሁን ሙዚየም ነው፤ አይታደርበትም» አለቻቸው። እሳቸውም ዘንጋቸውን አንስተው ዞሩ። ልጅቷ ምን አጠፋች? ከደጅሽ የመለስኳቸው እኔ ነኝ።

ጫማዬን በቅጡ ሳላጠልቅ ሮጥኩና ደረስኩባቸው። «እናቴ፣ ቤቱ ታች ሰፈር ወርዷል፤ ይምጡ» አልኳቸው። በፕላስቲክ ሳፋ እግራቸውን አጠብኩ። እጄ እንደ እጅሽ አልሆነም፤ ውሃውን አብዝቼ አሙቄው «ሴትዮዋ ብትኖር እንዲህ አትቀቅለኝም ነበር!» ብለው ጮኹብኝ። ማረፍሽን ስነግራቸው ግን እግራቸውን እንደነከሩ አለቀሱልሽ። እኔም ከቀብርሽ ወዲህ ያን ያህል አልቅሼ አላውቅም።

ዛሬ አምስት እንግዶች አሉኝ። ሌሎቹን አሮጊቷ ናቸው ከመንገድ እየጠሩ ያመጡብኝ። ጠባብ ናት ያልኳት ክፍል ሁሉንም ያዘች፤ ለካ የጠበብኩት እኔ ነበርኩ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

በገበቴው ላይ የተጻፈውን እንዲያርሙት እነግራቸዋለሁ። ባያርሙትም ሳፋው አለ። በየገናው፣ እግር ባጠብኩ ቁጥር፣ የክርስትና ስምሽን እጠራለሁ። ጧፍ የሚይዝልኝ ስለሌለ እሾህ የምነቅለው በቀን ነው፤ በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ።

ባልሽ አያሌው