ለአገኘሁ ያካፈልሁት ኪኒን

ጥቅምት 3 ቀን 1976
ስድሳ ዘጠኝ ዓመቴ። መረብ እጠግናለሁ፣ እንጨት እፈልጣለሁ፣ ወጤን ራሴ እሠራለሁ። በመሠረተ ትምህርት የለቀምሁትን ፊደል ይኸው እጽፋለሁ። ሚስቴ የብርጓል ካረፈች ወዲህ የሰው እጅ አላየሁም። ዛሬ ግን የሸሚዜን ቁልፍ መቆለፍ አቃተኝ... ጣቶቼ አብጠው።

ጥቅምት 9
ሐኪም ቤት። ደረቴን ራጅ አነሡኝ። እጄን አመመኝ እንጂ ደረቴን መቼ አልሁ?
«ሳል አለብዎት አባባ?»
«የለብኝም።»
ሐኪሙ ልጅ ነው፤ ግን ያስረዳል። «ነጭ የደም ሕዋሳት ወታደሮች ናቸው። በደም በሚሄድ ቅመም መልእክት ይላላካሉ። አንዱ ‹ምታ› ይላል፣ ሌላው ‹በቃ› ይላል። ሁለቱ ከተመዛዘኑ ጤና ነው። የእርስዎ ‹በቃ› ባዩ ደክሟል፤ የገዛ ጣትዎን እየወጉ ነው።»
የገዛ ቤቱን የሚወጋ ወታደር... በ1970 አይተን የለ? ይህን ልሰርዘው ይሆን?... ተወው።
ወታደሮቹን የሚያበርድ ኪኒን ሰጠኝ። «ለሌላ ሰው እንዳይሰጡ።» ስስት ሊያስተምረኝ!

ጥቅምት 20
ጣቴ ታጠፈ። መረብ ቋጠርሁ።

ኅዳር 2
አገኘሁ መጣ። ሠላሳ ዓመት በአንድ ጀልባ ዓሣ ያጠመድን። ጉልበቱ አልታጠፍ ብሎታል። ይስላልም፤ «የጣና ብርድ ነው» ይላል፣ ስንት ዓመቱ።
«ብቻህን ዳንህ አይደል፣ አንተ ቋጣሪ!» ብሎ ሳቀ።
ያልተካፈልነው ምን አለ? ከኪኒኑ ግማሹን ዘግኜ ሰጠሁት።

ኅዳር 15
አገኘሁ ያለ ምርኩዝ ጊዮርጊስ ደርሶ ተመለሰ። «ሐኪሜ» ይለኛል። ደስ አለኝ። ሳሉ ግን...

ታኅሣሥ 18
ደም ተፋ። ተሸክመን ወሰድነው። ሐኪሙ ከአገኘሁ ኪስ ኪኒኔን አወጣ። ዞሮ አየኝ።
«የሳንባ ነቀርሳ ነው። ወታደሮቹ ለዓመታት ከበው ይዘውት ነበር። ይህ ኪኒን ‹በቃ› አላቸው፤ ለቀቁት።»
ለካ ራጁ ለዚህ ነበር።

ጥር 1
አገኘሁን ቀበርነው። ሚስቱ ወለተ ኪዳን እጄን ይዛ ሳመች። «ጉልበቱን ያሻሉለት እርስዎ ነዎት። እግዜር ይስጥልኝ።» ይህችን እጅ! ሳልነግራት ወጣሁ... ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ጥር 8
ጣቴ ደኅና ነው። እንቅልፍ ነው የጠፋ። ልጄ እናትዓለም «ምን ሆነሃል አባዬ? መረቡን እኔ ልጨርስልህ» ትላለች። የኔን ዕዳ ማንም አይጨርስልኝም። ያለብኝ ይኸ ነው፦
አገኘሁ የጀመረውን መረብ ጨርሶ ለቤቱ ማድረስ።
ንስሐ አባቴ ዘንድ መግባት።
ያን ልጅ ሐኪም «ነግረኸኝ ነበር» ማለት።
ከአርባው በፊት ለወለተ ኪዳን የኪኒኑን ነገር መናገር። መጨረሻ ጻፍሁት፤ ፈርቼ ነው። ነገ በጠዋት የምሄደው ግን እሷ ዘንድ ነው።