ብስክሌትህን ስለ መውሰዴ

እሱባለው፣

ብስክሌትህን ይዤ አጋሮ ሄጃለሁ። ተኝተህ ስታንኮራፋ ልቀሰቅስህ ስል አሳዘንከኝ።

«ያንተ ቀጭን ጎማ ለአስፋልት እንጂ ለጭቃ አይሆንም» እያልክ ስትመክረኝ ከርመህ የለ፣ ይኸው ምክርህን ሰማሁ። ያንተ ጎማ ሰፊ ነው፣ ማርሹም ዳገት ይችላል። የጎማ ጭቃ መከላከያውን፣ ፓራፋንጎውን ግን ፈትቼዋለሁ፤ ጭቃ ይጠቀጠቅበታል። አልጋህ ሥር ታገኘዋለህ።

ከቡና ጆንያ የሰፋህልኝን የዕቃ ከረጢት ትቼልሃለሁ። ስፌቱ ጠንካራ ነው፣ አልዋሽም። ግን ቡና ቡና በሚሸት ከረጢት ኬላ ማለፍ ምን እንደሚያመጣ ባለፈው አየን።

አየን ስል፣ እኔ አየሁ። አንተማ አብዮት ጠባቂው «ጓድ፣ ይሄ ቡና አሻጋሪ ጓደኛህ ነው?» ሲልህ፣ «መንገድ ላይ ነው ያገኘሁት» ብለህ አለፍክ። እኔ እዚያው አደርኩ። ሲፈተሽ ከከረጢቱ የወጣው ግን ወላሂ ያንተው ካልሲ ነበር።

አሁን ዕቃዬን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ እንዳይወዛወዝ ዝቅ አድርጌ አስሬዋለሁ። እሱንም ያስተማርከኝ አንተ ነህ።

ሽሮው ድስት ውስጥ አለ፣ አሙቀህ ብላ።

ለብስክሌቱ አታስብ። ኬላ ላይ «የማን ነው?» ካሉኝ፣ መንገድ ላይ ነው ያገኘሁት እላቸዋለሁ።

ጀማለዲን